አሉሚኒየምና መዳብ 2 ቮልት መስጠት ሲገባቸው ሜትሩ 0.64 ይላል፣ ምን እየለካሁ ነው?

ሰማያዊ_ቢከር

ሰላም ለሁላችሁ። ላብ ላይ አንድ ነገር ግራ ስላጋባኝ ነው። ዚንክና መዳብ በየራሳቸው ሰልፌት ውስጥ ነክሬ፣ ሁለቱም ሶልዩሽን 1 ሞላር ነው፣ በፖታሲየም ናይትሬት የጨው ድልድይ አገናኝቼ በመልቲሜትር ስለካ 1.08 ቮልት አገኘሁ። የስታንዳርድ ፖቴንሻል ቴብሉ 1.10 ስለሚል ደስ አለኝ። ከዛ የዚንኩን ቢከር አንስቼ በቦታው አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ሰልፌት ውስጥ አደረግኩ። አሉሚኒየም −1.66፣ መዳብ +0.34፣ ስለዚህ 2.00 ቮልት ነበር መምጣት ያለበት። ሜትሩ ግን 0.64 ብሎ ቁጭ አለ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌዋለሁ፣ ድልድዩን ቀይሬዋለሁ፣ ክሊፖቹን አይቻለሁ፣ ያው ነው። ከ1 ቮልት በላይ የት ነው ሚጠፋው? የኔርንስት ቀመር (ፖቴንሻልን ከኮንሰንትሬሽን ጋር ሚያያይዘው) ውስጥ ኮንሰንትሬሽን ብቀያይርም ይሄን ያህል ልዩነት አያመጣልኝም።

ቮልት_ቆጣሪ

ወንድሜ ሜትርህን ነው ምጠረጥረው። ርካሽ መልቲሜትር ከሴሉ ከረንት ይስባል፣ ከረንት ከተሳበ ቮልቴጁ ይወርዳል። እውነተኛው ፖቴንሻል ሚለካው ከረንት ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፣ ይሄ መጀመሪያ ሚማሩት ነገር ነው። የተሻለ ሜትር ፈልግና ድገመው።

የላብ_ሰው

ከረንት ዜሮ መሆን አለበት ያልከው ልክ ነው፣ ግን እስቲ እናስላው። የተለመደ ዲጂታል መልቲሜትር ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋ ኦም ነው። 0.64 ቮልትን ለ10 ሜጋ ኦም ስታካፍለው 64 ናኖ አምፔር ነው ሚመጣው። የጨው ድልድዩና ሶልዩሽኖቹ አንድ ላይ 5 ኪሎ ኦም አላቸው ብንል እንኳ በነሱ ላይ ሚጠፋው 0.3 ሚሊቮልት ገደማ ነው። እሱ ያጣው ግን 1.36 ቮልት ነው! ደሞ በዛው ሜትር ዚንኩ 1.08 ሰጥቶታል።

ማጣራት ከፈለግክ ቀላል ዘዴ አለ። ሌላ መልቲሜትር ጎን ለጎን በፓራለል ሰካበት። ንባቡ ካልተነቃነቀ ሜትሩ ሴሉን እየጫነው አይደለም ማለት ነው፣ ከወረደ ግን ጥርጣሬህ ልክ ነው።

ሜትሩ በእውነት ችግር ሚሆንበት ቦታ የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ መስታወት ኤሌክትሮድ ነው። የመስታወቱ ሬዚስታንስ ከ100 ሜጋ ኦም በላይ ሊሄድ ይችላል፣ በ10 ሜጋ ኦም መልቲሜትር ብትለካው ከቮልቴጁ ከአስራ አንድ እጅ አንዱን እንኳ በቅጡ አታይም። ለዛ ነው የፒኤች ሜትሮች መግቢያቸው እስከ ሚሊዮን ሜጋ ኦም ድረስ ሚሰራው። መርፌ ያላቸው የድሮ መልቲሜትሮችም እንዲሁ ያስቸግራሉ፣ በቮልት 20 ኪሎ ኦም ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው፣ እሱ ላይ ድልድይህ ትንሽ ከደረቀ ንባቡ በግልጽ ይወርዳል።

ዝገት_አጥኚ

ሰማያዊ፣ ቮልቱ የትም አልጠፋም። የለካኸው ቁጥር ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ግን የአሉሚኒየምና የአሉሚኒየም አየን (ኤሌክትሮን አጥቶ ቻርጅ ያገኘ አቶም) ፖቴንሻል አይደለም።

አሉሚኒየም ፈትገህ አየር እንደነካው ወዲያው ኦክሳይድ ይለብሳል፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው ግን አጥብቆ ይዘጋዋል። ቢከሩ ውስጥ የገባው እንግዲህ ራቁት ብረት ሳይሆን ልብስ የለበሰ ብረት ነው። በዛ ልብስ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይካሄዳል፣ በአንድ በኩል አሉሚኒየሙ በጣም በትንሹ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ በሌላ በኩል ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ወይም ሃይድሮጅን አየን እዛው ብረት ላይ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ብረቱ ከውጪ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ሁለቱ ከረንቶች እኩል ሚሆኑበት ፖቴንሻል ላይ ይቆማል። ድብልቅ ፖቴንሻል ይባላል፣ እኛ ዝገት ምናጠና ሰዎች ደሞ የዝገት ፖቴንሻል እንለዋለን። ልብ በሉ፣ ከረንቱ ዜሮ ነው፣ ሜትሩም አልዋሸም፣ ግን ሚዛናዊነት የለም። የኔርንስት ቀመር ሚሰራው ደሞ አንድ ሪአክሽን ወደፊትም ወደኋላም በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ነው። ከረንት ዜሮ ስለሆነ ብቻ ሚዛን ላይ ነን ብሎ መደምደም በዚህ ትምህርት ውስጥ በጣም ከሚያሳስቱ ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መዳብ በመዳብ ሰልፌት ውስጥ ለምን ጥሩ ይሆናል? መዳብና መዳብ አየን ኤሌክትሮን ሚለዋወጡት በፍጥነት ነው፣ ሌላው ሪአክሽን ሁሉ ከነሱ አንጻር ደካማ ስለሆነ ፖቴንሻሉን እነሱ ይወስኑታል። ዚንክም ምንም እንኳ በውሃ ውስጥ መሟሟት ቢፈልግ ንጹህ ዚንክ ላይ ሃይድሮጅን መውጣት በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ከሞላ ጎደል እውነተኛ ዋጋውን ያሳይሃል። የቀሩት 20 ሚሊቮልቶች ከገጽታው ንጽህናና ከድልድዩ ሊመጡ ይችላሉ፣ እነሱ ላይ ብዙ ባትጨነቅ ይሻላል።

ገና_ጀማሪ

ይቅርታ መሀል ገባሁ፣ ታዲያ −1.66 ማን ለካው? በብረቱ ካልተለካ ቴብሉ ላይ ከየት መጣ?

ዝገት_አጥኚ

በጣም ጥሩ ጥያቄ። ለአሉሚኒየም ብረቱን ነክሮ ያነበበ የለም፣ ከቴርሞዳይናሚክስ ነው ሚሰላው። የሙቀት መለኪያዎች ተሰብስበው የአሉሚኒየም አየን የመፈጠር ጊብስ ኢነርጂ −485 ኪሎጁል በሞል አካባቢ መሆኑ ይታወቃል። ይሄን ለ3 ኤሌክትሮንና ለፋራደይ ቋሚ 96485 ስታካፍለው −1.68 ቮልት ይመጣል። አንዱ መጽሐፍ −1.66 ሌላው −1.68 ሚለው ከተጠቀሙት የኢነርጂ ዳታ የተነሳ ነው።

ሶዲየም ደሞ ከዚህ የባሰ ነው፣ ውሃ ውስጥ ከከተትከው ይነዳል። ግን እሱን በብልሃት ለክተውታል! ኬሚስቶቹ ሉዊስና ክራውስ በ1910 እ.ኤ.አ. ያደረጉትን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ሶዲየም ሜርኩሪ ውስጥ ሲሟሟ አማልጋም ይሆናል፣ ቀጭን አማልጋም ከውሃ ጋር ቀስ ብሎ ነው ሚሰራው። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹህ ሶዲየምን ከአማልጋሙ ጋር ውሃ በሌለበት ኤቲልአሚን ውስጥ ለኩ፣ ከዛ አማልጋሙን በውሃ ሶልዩሽን ውስጥ ከሪፈረንስ (ፖቴንሻሉ ከሚታወቅ ኤሌክትሮድ) ጋር ለኩ፣ ሁለቱን ደመሩ። ብረቱ ውሃ ሳይነካ በውሃ ውስጥ ያለው ፖቴንሻል ታወቀ፣ −2.71 ቮልት።

ካቶድ_ነኝ

ክሩ ጥሩ ስለሆነ እኔም ያለኝን ልጨምር። እኔ መዳብን በብር/ብር ክሎራይድ ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ ነው የለካሁት፣ ሶልዩሽኑ የሰማያዊ አይነት 1 ሞላር መዳብ ሰልፌት። ንባቡ +0.10 ነው። ሪፈረንሱ የጠገበ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለው ስለሆነ 0.197 ደምሬ 0.30 አገኘሁ። ቴብሉ 0.34 ነው። ሰማያዊ ግን በዛው ሶልዩሽን ከዚንክ ጋር 1.08 አግኝቷል፣ ለኔ 40 ሚሊቮልት ለምን ጎደለኝ? ሪፈረንሴ ተበላሽቶ ይሆን?

ኔርንስት_ወዳጅ

ሪፈረንስሽ ደህና ነው እህቴ፣ እንደውም በጣም ጥሩ ነው የለካሽው።

ቴብሉ ላይ ያለው 0.34 የመዳብ አየን አክቲቪቲ (በተግባር ሚሰራው ኮንሰንትሬሽን) 1 ሲሆን ነው እንጂ ኮንሰንትሬሽኑ 1 ሲሆን አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል ምክንያቱም ልምምዶቹ ላይ ሁሌ አንድ አይነት ናቸው እየተባለ ነው ሚሰራው። እንደ መዳብ ሰልፌት ባለ ባለ ሁለት ቻርጅ ጨው ግን አየኖቹ በጣም ስለሚሳሳቡ በ1 ሞላር አክቲቪቲ ኮኤፊሸንቱ (ኮንሰንትሬሽኑ ተባዝቶበት አክቲቪቲውን ሚሰጠው ቁጥር) ወደ 0.04 አካባቢ ይወርዳል። አስቢው፣ ከ1 ወደ 0.04! የ0.043 ሎጋሪዝም −1.37 ነው፣ በ0.0296 ስታባዢው −0.040 ይመጣል። 0.34 ሲቀነስ 0.04 በትክክል 0.30 ነው። የጎደለሽ 40 ሚሊቮልት እዛ ነው ያለው።

ሰማያዊ ለምን 1.10ን ተጠግቶ አገኘ ላልሽው፣ ዚንክ ሰልፌትም በዛው ኮንሰንትሬሽን ኮኤፊሸንቱ ወደ 0.04 ነው። ስለዚህ ዚንኩም መዳቡም እኩል 40 ሚሊቮልት ወደታች ወርደዋል፣ ልዩነታቸው ግን ሳይነካ ቀረ። ለሱ ሁለት ስህተት ተጣፍተውለት ነው፣ አንቺ ግን አንዱን ብቻ ነጥለሽ ከሌላ ነገር ጋር ስላወዳደርሽ ታየሽ። እኔ በበኩሌ የዚንክና መዳብ ሴል ተማሪን የሚያስተኛው በዚህ ነው እላለሁ፣ ሁሉ ነገር በትክክል የሰራ ይመስላል።

አንድ አደራ፣ ደብተር ላይ ቁጥር ስትጽፉ ከምን ጋር እንደተለካ ጻፉ። ከስታንዳርድ ሃይድሮጅን ጋር የጠገበው ብር ክሎራይድ 0.197፣ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ያለው 0.210 አካባቢ፣ የጠገበ ካሎሜል (የሜርኩሪ ክሎራይድ ሪፈረንስ) ደሞ 0.24 አካባቢ ነው፣ ሁሉም በ25 ዲግሪ። «+0.10 ቮልት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ንባብ ከአመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም፣ ለጻፈው ሰው ራሱ እንኳ።

ገና_ጀማሪ

አሁንም ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁልጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ነው ምትለኩት። የመዳቡን ብቻ ለምን አንለካም? አንዱን ሽቦ መዳቡ ላይ፣ ሌላውን ሶልዩሽኑ ውስጥ ብናደርገው አይሆንም?

ኔርንስት_ወዳጅ

ሁለተኛው ሽቦ ሶልዩሽኑን በነካ ቅጽበት እሱ ራሱ ሁለተኛ ኤሌክትሮድ ሆነ። ብረትና ሶልዩሽን ሚገናኙበት ሌላ ገጽ ፈጠርክ፣ እዛም ላይ የራሱ ፖቴንሻል አለ። በምንም መንገድ ብትዞር ሜትሩ ሁለት ገጾችን ነው አንድ ላይ ሚያነበው። ስለዚህ አንዱን ዜሮ ነው ብለን ተስማማን፣ ልክ የተራራ ከፍታ ከባህር ወለል እንደሚነሳው። ዜሮ የተባለው ስታንዳርድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ነው፣ በማንኛውም ሙቀት ዜሮ።

የተስማማንበት ዜሮ ባዶ ቦታ ላይ ካለ ኤሌክትሮን አንጻር ስንት ነው የሚል ጥያቄም አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. በትራሳቲ ጽሑፍ አለም አቀፉ የኬሚስትሪ ማህበር አዩፓክ የመከረው ዋጋ 4.44 ቮልት ነው፣ ወደ 20 ሚሊቮልት ወደላይም ወደታችም ሊለይ ይችላል። ያ ግን በግምትና በሌሎች ልኬቶች የተቀናጀ ነው እንጂ በመልቲሜትር ሚነበብ አይደለም። ለቀን ተቀን ስራ አያስፈልግህም፣ የሁለቱም ጎን ላይ ስለሚደመር ልዩነት ስትወስድ ይጠፋል።

ጡረተኛ_መምህር

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ስለ ከረንት ዜሮ የተነሳውን ልጨምርበት። ዲጂታል ሜትር ባልነበረበት ጊዜ ይህን እንዴት ያደርጉት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ፖገንዶርፍ በ1841 እ.ኤ.አ. ያመጣው የማመጣጠኛ ዘዴ ነበር። ረጅም አንድ ወጥ ሽቦ ላይ ባትሪ ይገናኛል፣ ከዛ የሚለካው ሴል በተቃራኒው ይገጠምና መንሸራተቻው ይንቀሳቀሳል፣ ጋልቫኖሜትሩ መርፌ ዜሮ ላይ ሲቆም የሁለቱ ቮልቴጅ እኩል ነው ማለት ነው። በዛች ቅጽበት ከሴሉ ምንም ከረንት አይወጣም። ሽቦውን የምናስተካክለው በዌስተን ሴል ነበር፣ በ20 ዲግሪ 1.018 ቮልት የሚሰጥ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ያለበት። ዛሬ በሜትሩ ውስጥ የተደበቀውን ነገር በእጅ ስለምትሰሩት ተማሪ አንዴ ቢያየው አይረሳውም።

ስለ ድልድዩ ደግሞ፣ ሰማያዊ ቢከር ፖታሲየም ናይትሬት መጠቀምህ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚመረጠው የፖታሲየምና የክሎራይድ አየኖች ሶልዩሽን ውስጥ የሚሄዱበት ፍጥነት በጣም ስለሚቀራረብ ነው። አንዱ አየን ከሌላው ቀድሞ ቢሮጥ ሁለቱ ሶልዩሽኖች በሚገናኙበት ወሰን ላይ ቻርጅ ይለያያል፣ የመገናኛ ፖቴንሻል የምንለው ይኸው ነው፣ በሜትራችሁም ላይ ይደመራል። ነገር ግን ብር ናይትሬት ጋ ፖታሲየም ክሎራይድ ካቀረባችሁ ብር ክሎራይድ ይዘቅጣል። ፐርክሎሬት ካለ ደግሞ ፖታሲየም ፐርክሎሬት የሪፈረንሱ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳማ ክፍል ይደፍናታል፣ ከዚያ ንባቡ ያለ ማቋረጥ ይዋልላል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ክፍል ያለው ሪፈረንስ ተጠቅማችሁ ውጫዊውን ክፍል በሌላ ጨው ሙሉት።

ካቶድ_ነኝ

መምህር በጣም አመሰግናለሁ። ሪፈረንስ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ ታዲያ? ሁሌ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ መስራት አንችልም መቼስ።

የላብ_ሰው

አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ፕላቲነሙ በጥቁር ፕላቲነም መሸፈን አለበት፣ ሃይድሮጅኑ በጣም ንጹህ መሆን አለበት፣ ትንሽ ሰልፈር ወይም አርሰኒክ ከነካው ገጹ ይመረዛል፣ ጋዙ ደሞ ተቀጣጣይ ነው።

እኔ ማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሪፈረንስ ለሙከራ በፍጹም ማይወጣ አስቀምጫለሁ። የስራዎቹን ኤሌክትሮዶች ከሱ ጋር አንድ ቢከር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አድርጌ በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ አነባለሁ። አንድ አይነት ከሆኑ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ5 ሚሊቮልት በላይ ከራቀ ውስጡን አጥቤ እንደገና እሞላለሁ፣ ካልተመለሰ እጥለዋለሁ። ሲቀመጥ ደሞ ጫፉ ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ እንጂ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አይደለም! ውሃ ውስጥ ካስቀመጥሽው ጨው እየወጣ ውስጡ ይቀጥናል፣ ክሎራይዱ ከቀጠነ ፖቴንሻሉ ይቀየራል። ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ካለ ቀስ ብለሽ አራግፊው፣ ለሚዘል ንባብ አብዛኛው ጊዜ ምክንያቱ እሷ አረፋ ናት።

ሰማያዊ_ቢከር

ተመልሻለሁ። ላቡ ብር ክሎራይድ ሪፈረንስ (የጠገበ) አውጥተውልኝ እያንዳንዱን ለየብቻ ለካሁ። መዳብ +0.10፣ ልክ እንደ ካቶድ_ነኝ። ዚንክ −0.98። አሉሚኒየም −0.54። የመዳብና የአሉሚኒየም ልዩነት በትክክል 0.64 ሆነ፣ ሁለቱን ዚንክና መዳብ ስቀንስ ደሞ 1.08። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ አሉሚኒየሙ ጋ ነው ያለው፣ መዳቡ ምንም አላደረገም።

ከዛ ዝገት_አጥኚ ያለውን ለማየት አሉሚኒየሙን ሶልዩሽኑ ውስጥ እንዳለ በፕላስቲክ እጀታ ባለው ስለታም ነገር ጫርኩት። ንባቡ ወደ −0.9 ወረደና አይኔ እያየ ተመልሶ ወጣ! ሶዲየም ክሎራይድ ስጨምርበት ደሞ ቀስ እያለ ወርዶ −0.70 አካባቢ ቆመ፣ ግን አይረጋም፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይሄ ምንድነው? ለምን −1.86 አይደርስም? ከብር ክሎራይድ አንጻር −1.66 እዛ ጋ ነው ሚሆነው።

ዝገት_አጥኚ

በጣም ጎበዝ፣ የጫርከው ሙከራ ከኔ ማብራሪያ ይበልጣል። ራቁቱን ብረት ለቅጽበት አየኸው፣ ከዛ ኦክሳይዱ መልሶ ሸፈነው። የሜትሩ ማሳያ ቀርፋፋ ስለሆነና የጫርከው ቦታ ከጠቅላላው ገጽ ትንሽ ክፍል ስለሆነ እውነተኛው ዝቅታ ካነበብከው በላይ ጥልቅ ነው።

ክሎራይድ ኦክሳይዱን በነጥብ በነጥብ ይሰብረዋል። ትናንሽ ጉድጓዶች ይከፈታሉ፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይዘጋል፣ ሌላው ይቀጥላል። ወዲያና ወዲህ ሚለው ንባብ የነሱ መከፈትና መዘጋት ነው፣ ችላ እንዳትለው፣ እሱን ብቻ መዝግበው ዝገት ሚያጠኑ ሰዎች አሉ። በባህር ውሃ ውስጥ ያለ አሉሚኒየምም −0.7 እና −0.8 መሀል ነው ሚገኘው። ከዛ በታች ማይወርደው ብረቱ ትንሽ እንኳ ሲጋለጥ ውሃው ራሱ ኤሌክትሮን እየወሰደ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣና ፊልሙም ስለሚመለስ ነው። ውሃ ባለበት ሁሉ −1.86 አታገኝም። ሜርኩሪ ብታስነካው በጣም ወደታች ይወርዳል፣ ግን ላብ ውስጥ እንዳትሞክረው፣ ጢሱ መርዝ ነው ብረቱንም ይበላዋል።

ቮልት_ቆጣሪ

ሁለተኛ ሜትር በፓራለል የማድረጉን ነገር እኔም ሞክሬዋለሁ፣ በመዳብና ዚንክ ሴል ምንም አልተነቃነቀም፣ በፒኤች ኤሌክትሮድ ግን ንባቡ ወደቀ። ሌላ ጥያቄ፣ ከረንት ሆን ብለን ምናሳልፍ ከሆነስ? ኤሌክትሮፕሌቲንግ (በከረንት ብረት መለበጥ) ላይ እያለን የካቶዱን፣ ማለትም ሚለበጠውን ኤሌክትሮድ፣ ፖቴንሻል ማወቅ ብፈልግ?

የላብ_ሰው

ያኔ ሶስት ኤሌክትሮድ ያስፈልግሃል። ከረንቱ በስራው ኤሌክትሮድና በሶስተኛው መሀል ይሄዳል፣ ሪፈረንሱ ግን ምንም ከረንት ሳይሸከም ፖቴንሻሉን ብቻ ያያል። ፖቴንሺዮስታት ሚሰራው ይሄንን ነው፣ ሂክሊንግ በ1942 እ.ኤ.አ. ነው ስሙን ሰጥቶ የሰራው።

ሚያስቸግርህ የሶልዩሽኑ ሬዚስታንስ ነው። ሪፈረንሱ ካቶዱ ጋ ካልቀረበ በመሀላቸው ያለው የሶልዩሽን ቮልቴጅ ንባብህ ውስጥ ይገባል፣ 50 ሚሊ አምፔር በ2 ኦም ብቻ 100 ሚሊቮልት ነው። ስለዚህ ጫፉ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ፣ የሉጊን ካፒላሪ ሚባለውን፣ ወደ ካቶዱ አስጠጋ። ግን በጣም አታስጠጋው፣ ገጹን ከጋረደው ከረንቱ እዛ ቦታ ላይ ስለሚቀንስ ሌላ ስህተት ታመጣለህ። የቱቦውን የውጪ ዲያሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት ተው። ከቻልክ ደሞ ከረንቱን ድንገት አቋርጠህ በኦሲሎስኮፕ እይ፣ በቅጽበት ሚወድቀው የሶልዩሽኑ ድርሻ ነው፣ ቀስ ብሎ ሚወርደው ደሞ የኤሌክትሮዱ።

ሰማያዊ_ቢከር

ሪፖርቱን በዚህ ነው ምጽፈው፣ አሉሚኒየሙን ከብር ክሎራይድ አንጻር፣ ከክሎራይድ በፊትና በኋላ። ቀጣይ ሶልዩሽኑ ውስጥ ናይትሮጅን አሳልፌ ኦክስጅኑን አስወጥቼ ልለካው ነው፣ −0.54 ወደየት እንደሚሄድ ማየት ፈልጌያለሁ።

ዝገት_አጥኚ

ወደ አሉታዊው ይወርዳል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ኤሌክትሮን ተቀባዩን አንዱን እያስወጣህበት ስለሆነ። ናይትሮጅኑን ቢያንስ 20 ደቂቃ አሳልፍበት፣ ከዛ ጋዙን ከሶልዩሽኑ በላይ አድርገው፣ አረፋው ገጹን እየነካ ከሆነ ንባብህ አይረጋም። ቁጥሩን ከሰአቱ ጋር እየመዘገብክ እዚህ ለጥፈው።